የተቃጠለች ፌራሪ ለምን 1.9 ሚሊዮን ዶላር ታወጣለች? የብርቅዬ ስፖርት መኪኖች ገበያ ሲብራራ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 አር ኤም ሶዝቢስ የተባለው አጫራች ድርጅት በካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ባካሄደው ጨረታ አንዲት የ1954 ፌራሪ ለሽያጭ አቀረበ። ፌራሪ መሆኗን የሚያውቀው ግን መግለጫውን ያነበበ ሰው ብቻ ነበር። መስታወት የላት፣ ወንበር የላት፣ መብራት የላት። ላሜራዋ ተጨማድዶና ተቀዳዶ፣ ቀለሟ በእሳት አልቆ፣ መንገድ ዳር ብትገኝ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ እንኳ ዋጋ የሚከራከርባት ነበረች። በ1960ዎቹ ተጋጭታ ከተቃጠለች በኋላ ማንም ሳይጠግናት ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጣለች። በዚያ ቀን በ1,875,000 ዶላር ተሸጠች። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወሬውን የሰማ ሁሉ «ገንዘብ መጣያ ያጣ ሰው ነው» ብሎ ማለፉ አይገርምም። እኔ ግን ይህን ገበያ ለመረዳት ከዚህች የተሻለች ማሳያ አላውቅም። የሚያብረቀርቀው ቀለም፣ የቆዳ ወንበሩ፣ የሞተሩ ጩኸት ሁሉ ተገፎ ሲያበቃ ገዢ ገንዘብ የሚያወጣበት ነገር ምን እንደሆነ ራቁቱን ታሳያለችና። የቀራት የሻንሲ (የመኪናዋ አጽም) ቁጥሯና ከቁጥሩ ጋር የተያያዘው ታሪክ ነው። ቁጥሩ 0406 ኤምዲ ይላል። መዝገቡ ደግሞ 500 ሞንዲያል ከሚባለው ሞዴል የጣሊያኑ የመኪና አካል ሠሪ ፒኒን ፋሪና አካላቸውን ከሠራላቸው 13 የመጀመሪያ ዙር ክፍት መኪኖች አንዷ መሆኗን፣ በ1954ቱ የጣሊያን የመንገድ ውድድር በሚሌ ሚሊያም ፍራንኮ ኮርቴዜ እንደነዳት ይመሰክራል። ኮርቴዜ በ1947 ሮም ላይ ለፌራሪ የመጀመሪያውን ድል ያስገኘ ሰው ነው። ላሜራ ተቀጥቅጦ እንደገና ይሠራል፤ ሞተርም ተፈልጎ ይገኛል። ወደ 1954 ተመልሶ ሚሌ ሚሊያን መሮጥ ግን በምንም ዋጋ አይገዛም።

ስለዚህ በዚህ ገበያ ዋናው ጥያቄ «መኪናዋ ምን ያህል ታምራለች?» ወይም «ምን ያህል ትፈጥናለች?» የሚለው አይደለም። «ይህች መኪና ነች የተባለችውን ነች ወይ? በምንስ ይረጋገጣል?» የሚለው ነው። የሰብሳቢዎች መኪና ሲሸጥ የምናያቸው እንግዳ የሚመስሉ ነገሮች ሁሉ፣ የቁጥር ምርመራው፣ የፎቶግራፍና የደረሰኝ ክምሩ፣ የአቧራ ማድነቁ፣ የፍርድ ቤት ክርክሩ፣ ከዚህ ጥያቄ የሚመነጩ ናቸው።

ሻጮች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ቃል «ብርቅዬ» ነው። ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ መጠራጠር ያለበትም እሱኑ ነው። በጥቂት ቁጥር መሠራት ብቻውን ዋጋ አያመጣም፤ ፈላጊ አጥቶ ምርቱ የተቋረጠ መኪናም ጥቂት ነው። ዋጋ የሚመጣው ጥቂት የሆነበት ምክንያት ራሱ የሚወራ ታሪክ ሲሆን ነው።

ለዚህ ፌራሪ 250 ጂቲኦን የሚስተካከል የለም። ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው። በጊዜው የነበረው የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ማኅበር ደንብ አንድ መኪና በዚህ የውድድር ምድብ እንዲካፈል 100 ያህል መመረት አለበት ይል ነበር። ኢንዞ ፌራሪ 100 መኪና የመሥራት አቅሙም ሐሳቡም አልነበራቸውም። መኪናዋ አዲስ ሞዴል ሳትሆን ቀድሞ የተመዘገበችው የ250 ጂቲ አጭር ሞዴል የተሻሻለች ዓይነት ናት ብለው አስመዘገቧት፤ ተቀባይነትም አገኙ። ሥራውን የጀመረው ጆቶ ቢዛሪኒ በ1961 መጨረሻ በፋብሪካው ውስጥ በተነሣው ታላቅ ጠብ ከሌሎች መሐንዲሶች ጋር ሲወጣ የጨረሰው ገና ወጣት የነበረው ማውሮ ፎርጊዬሪ ነው። አካሏን ሞዴና ያለው የስካሊየቲ ወርክሾፕ ሠራተኞች አሉሚኒየም በእጅ እየቀጠቀጡ አወጡት፤ በዚህም የተነሣ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ጂቲኦ አይገኝም። ባለ 3 ሊትር 12 ሲሊንደር ሞተሯ 300 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ሦስቱንም ዓመታት በተከታታይ በምድቧ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ወሰደች።

እንዲህም ሆና ለረጅም ጊዜ እንደ ማንኛውም ያረጀ የውድድር መኪና ነበረች። አንዷ ጂቲኦ በ1960ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ላለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተበርክታ ተማሪዎች የመካኒክነት ሙያ ሲማሩባት ከቆየች በኋላ በ1972 በ6,500 ዶላር ተሸጣለች። የፒንክ ፍሎይድ ከበሮ መቺ ኒክ ሜሰን የራሱን በ1977 የገዛው በ37,000 ፓውንድ ነው፤ ያኔ እሱም ቢሆን ውድ ነበር። በ2018 ሌላዋ ጂቲኦ ሞንቴሬይ ላይ 48,405,000 ዶላር አወጣች። በዚያው ዓመት ያለ ጨረታ እጅ የለወጠች አንዲት ደግሞ 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደተከፈለባት በሰፊው ተዘግቧል። በመኪናዋ ላይ የተጨመረ አንድም ቡሎን የለም። የጨመረው የፈላጊው ቁጥር፣ የገንዘቡ መጠንና በጊዜ ርቀት የገዘፈው ዝናዋ ነው።

ለፈላጊ መብዛት ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ምክንያት አለ፤ መኪናዋ ምን በር ትከፍታለች የሚለው ነው። ሚሌ ሚሊያ ከ1927 እስከ 1957 ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ በሕዝብ መንገድ ላይ ይካሄድ የነበረ ውድድር ነው። በ1977 የአሮጌ መኪኖች ጉዞ ሆኖ ሲመለስ የሚካፈሉት በመጀመሪያው ዘመን የተወዳደሩ የመኪና ዓይነቶች እንዲሆኑ ተደረገ። በየዓመቱ ለመግባት የሚያመለክተው ከሚፈቀደው በእጅጉ ይበልጣል። በዚያ ዘመን ራሷ ተወዳድራ የነበረች መኪና ያለው ሰው ታዲያ መኪና ብቻ ሳይሆን በጉዞው ውስጥ ቦታም ገዝቷል። የሞንዲያሏ ስብርባሪ ዋጋ ከፊሉ እዚህ ላይ ነው ያለው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። መኪናዋ የተባለችውን መሆኗ እንዴት ይታወቃል?

መነሻው ቁጥር ነው። ሻንሲው ላይ፣ ሞተሩ ላይ፣ እንደ አምራቹም ካምቢዮውና የኋላ ዲፈረንሻሉ ላይ ፋብሪካው የመታቸው ቁጥሮች አሉ። የፋብሪካው የምርት መዝገብ ደግሞ የትኛው ሻንሲ የትኛውን ሞተር ይዞ እንደወጣ፣ ምን ቀለም እንደነበረና ለማን እንደተላከ ይናገራል። ሁሉም ሲገጥም መኪናዋ «ቁጥሯ የገጠመ» ትባላለች። ይህች አጭር ሐረግ ብቻዋን የዋጋውን ሰፊ ክፍል ትወስናለች። ፌራሪ ራሱ ክላሲኬ የተባለ ክፍል አቋቁሞ መኪኖችን እየመረመረ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ሌሎች አምራቾችም ከመዝገባቸው እየገለበጡ ማረጋገጫ ይጽፋሉ።

ይሁን እንጂ ቁጥር በመዶሻና በብረት ፊደል የሚመታ ነገር ስለሆነ ማንም ሊመታው ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ቁጥሩን ከማንበብ አልፎ አመታቱን ያያል። ቀለሙን በጥንቃቄ ያነሣና የእያንዳንዱን አኃዝ ቅርጽ፣ ጥልቀትና ከጎረቤቱ ያለውን ርቀት በዚያው ወር ከፋብሪካው ከወጡ መኪኖች ጋር ያነጻጽራል። በእጅ የተመታ ቁጥር ትንሽ ይዛነፋል፤ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ረድፍ ያጠራጥራል። ከቁጥሩ ሥር ያለው ብረት ከአካባቢው ዝቅ ካለ አንድ ሰው በሞረድ አጥፍቶታል ማለት ነው። የሻንሲው ቱቦ ከቁጥሩ ግራና ቀኝ የብየዳ መስመር ካለው ቁጥሩ የተቀመጠበት ቁራጭ ከሌላ መኪና ተቆርጦ መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ የድሮ ፎቶግራፎች ይወጣሉ። በ1950ዎቹ በአንድ ውድድር ላይ የተነሣ ፎቶ ላይ የሚታይ የሪቬት ረድፍ፣ ኮፈኑ ላይ ያለ የአየር ማስገቢያ፣ በር ሥር ያለ ጥገና ዛሬ መኪናዋ ላይ ዱካው ይፈለጋል። አሉሚኒየሙ ከውስጥ በኩል ሲታይ የድሮው ጥገና ጠባሳ ካልተገኘ ላሜራው ተቀይሯል።

የመንገድ መኪና ላይ ይህ ሁሉ ቀላል ነው። የውድድር መኪና ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ እነዚህ መኪኖች በዘመናቸው ቅርስ አልነበሩምና። መሥሪያ ዕቃ ነበሩ። ቡድኖች በአንድ ወቅት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሞተር ይለውጣሉ፤ የተጋጨች መኪና አዲስ ሻንሲ ይሰጧታል፤ የጉምሩክ ወረቀት ላለማውጣት ሲሉ የአንዷን ቁጥር ለሌላዋ የሰጡበት ጊዜም አለ። ከአደጋ በኋላ አንዱ ሰው የተጣመመውን ሻንሲ፣ ሌላው ሞተሩን ወስዶ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁለቱም የጎደላቸውን አሟልተው «ትክክለኛዋ የእኔ ናት» ሊሉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ቁጥር አይፈርድም፤ ጠበቃ ይፈርዳል።

የታወቀው ሙግት ለንደን ላይ በ1990 የተወሰነው ነው። የክርክሩ ምክንያት «አሮጌዋ ቁጥር አንድ» በምትል ቅጽል የምትታወቀው ቤንትሊ ስፒድ ሲክስ ነበረች፤ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር በ1929 እና በ1930 በተከታታይ ያሸነፈች መኪና። ከድሎቿ በኋላ እየተሻሻለች መወዳደሯን ቀጠለች፤ ትልቅ ሞተር ገባላት። በ1932 ብሩክላንድስ በተባለው የእንግሊዝ የውድድር ሜዳ ላይ ከመንገድ ወጥታ አሽከርካሪው ክላይቭ ደንፊ ሞተ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ተጠግና ሌላ አካል ተሠራላት። ወደ ስልሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ አንድ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛት ከተስማማ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። መከራከሪያው ቀላል ነው፦ በ1930 ሌ ማንን ካሸነፈችው መኪና ላይ የቀረ ነገር ከሞላ ጎደል የለም፤ ስለዚህ ይህች ሌላ መኪና ናት።

ዳኛው ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። በ1929 ወይም በ1930 ከነበሩት ክፍሎች የተረፈው ጥቂት መሆኑን ተቀበሉ። ነገር ግን መኪናዋ በአንዲት ሌሊት ጠፍታ በሌላ አልተተካችም፤ ክፍሎቿ የተለወጡት አንዱ ከሌላው በኋላ፣ ሁልጊዜ እንደ አንዲት መኪና ስትኖር፣ ስትወዳደርና ስትታወቅ ነው። ሁለተኛ ሆና በዚህ ስም የምትጠራ መኪናም በየትኛውም ጊዜ አልነበረችም። ስለዚህ ቅጂ አይደለችም፤ ስሙ የሚገባት እውነተኛዋ ናት ብለው ለሻጩ ፈረዱ። እኔ በበኩሌ ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል። ሌላው አማራጭ ከጥግ እስከ ጥግ ሲታሰብ ጠንክሮ የሠራ የውድድር መኪና ሁሉ ማንነቱን ያጣል፤ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጦ ያረጀው ብቻ እውነተኛ ይባላል። ከዚህ ሙግት ወዲህ ጥንቁቅ ሻጮች «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል በጅምላ ከመጠቀም ይልቅ የትኛው ክፍል መቼ እንደተለወጠ ዘርዝረው መጻፍን ይመርጣሉ፤ ገዢም እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያይ ሊደነግጥ አይገባም። ሊያስደነግጥ የሚገባው ዝርዝር የሌለው ነው።

የማንነት ጉዳይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የጃጓር ታሪክ በገንዘብ ይለካዋል። በፌብሩዋሪ 1957 የጃጓር ብራውንስ ሌን ፋብሪካ ላይ እሳት ተነሥቶ ከዲ ታይፕ የውድድር መኪና ለመንገድ ተብለው ይሠሩ ከነበሩት 25 ኤክስኬኤስኤስ መኪኖች ዘጠኙ ወደሙ፤ ለገዢ የደረሱት 16 ብቻ ናቸው። ከ59 ዓመት በኋላ ጃጓር ራሱ፣ በራሱ ሥዕል፣ በድሮው አሠራር የተቃጠሉትን ዘጠኙን መኪኖች ሠርቶ እያንዳንዳቸውን ከ1 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሸጠ። ሠሪው ያው ኩባንያ፣ ቅርጹም ያው ነው፤ የብየዳው ጥራት ምናልባትም ከድሮው ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ ማንም ሰብሳቢ ከ16ቱ ጋር አንድ ረድፍ ላይ አያቆማቸውም። በተቃራኒው በ1956 ሌ ማንን ያሸነፈችው ዲ ታይፕ በ2016 በ21.78 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ከአንድ ሠሪ እጅ የወጡ፣ የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ መኪኖች ናቸው፤ ልዩነቱን ያመጣው በየትኛው ቀን የት እንደነበሩ ነው።

ስለ መኪናዋ ሁኔታ ስንነጋገር ይህ ገበያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ሐሳቡን እንደገለበጠ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተሟላ እድሳት ነበር የሚከበረው፦ መኪናዋን እስከ መጨረሻዋ ቡሎን መፍታት፣ ላሜራውን ማስተካከል፣ ቀለሙን ደጋግሞ መቀባትና ማወልወል፣ ቆዳውን በአዲስ መተካት። ውጤቱ ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበራት ይበልጥ ያማረች መኪና ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ ፌራሪ የቀለም መንጠባጠብ፣ ያልተስተካከለ የበር ክፍተት፣ በችኮላ የተበየደ መገጣጠሚያ ነበረው፤ የውድድር ቀን አይጠብቅማ። እድሳቱ እነዚህን ሁሉ አጠፋቸው፤ ከእነሱ ጋር ማስረጃው ተጠርጎ ሄደ።

የአመለካከቱ ለውጥ ጎልቶ የታየው በ2015 ፓሪስ ላይ ነው። ሮዤ ባዮን የተባለ ፈረንሳዊ የጭነት ትራንስፖርት ባለሀብት ሙዚየም እከፍታለሁ ብሎ ያሰባሰባቸው መኪኖች ንግዱ ሲዳከም በምዕራብ ፈረንሳይ ግቢው ውስጥ ቀሩ። በ2014 መገባደጃ የአርትኩሪያል አጫራቾች ሲደርሱ 60 ያህል መኪኖች በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንዳንዶቹም አረግ ውጧቸው አገኙ። በአንድ ጥግ ደግሞ የአሮጌ መጽሔትና ጋዜጣ ክምር ነበር፤ ክምሩ ሥር ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ቆማለች፤ በአንድ ወቅት ተዋናዩ አላን ደሎን የነዳት። አርትኩሪያል አላጠባትም። አቧራዋ ላይ እንዳለ፣ ወረቀቱ በተከመረበት ቦታ የተጋፈፈውን ቀለም ሳይነካ ለጨረታ አቀረባት። የተገመተችው ከ9.5 እስከ 12 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ 16.3 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አወጣች። አቧራው ራሱ ዋጋ ኖሮት አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት ማንም እጁን እንዳላስገባባት መስካሪ ስለሆነ ነው። (አንዳንድ ነጋዴዎች ነገሩ ገብቷቸው አቧራ መርጨት ጀምረዋል የሚል ቀልድ አለ፤ ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ መሆን ይከብዳል።)

ይህ ማለት ማደስ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ዝገት ሻንሲውን ከበላው፣ ፍሬኑ ሰው የሚገድል ከሆነ ይሠራል። መርሁ የሚቀየረውን በተቻለ መጠን ማሳነስ፣ የተቀየረውንም መጻፍ ነው።

አሁን ሽያጩ ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ እንይ። ትልልቆቹ መኪኖች ከሚሸጡበት መንገድ አንዱ ድብቅ ነው፦ ደላላ ሁለት ሰዎችን ያገናኛል፣ ዋጋው አይነገርም። ሌላው ጨረታ ነው፤ በይፋ ስለሆነ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይታዩ ክፍሎች አሉት።

መጀመሪያ ግምት ይታተማል። ግምቱ ተስፋም ነው፣ ማስታወቂያም ነው፤ ዝቅ ብሎ ሲጻፍ ተጫራች ለመሳብ ነው፣ ከፍ ሲል ባለቤቱን ለማግባባት ሊሆን ይችላል። ከግምቱ በስተጀርባ ሻጩና አጫራቹ ብቻ የሚያውቁት ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ አለ። ጨረታው ከዚያ በታች ከቆመ መኪናዋ አትሸጥም። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን ይህ ነው፦ በአብዛኞቹ ድርጅቶች የጨረታ ደንብ መሠረት አጫራቹ እስከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ድረስ በሻጩ ስም ራሱ ዋጋ መጥራት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ከአዳራሹ ጥግና ጥግ የሚሰሙት አንዳንድ ዋጋዎች ከኋላቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ደንቡ ላይ ተጽፏል፤ ማጭበርበር አይባልም። አዲስ ተጫራች ግን ሳያውቀው ከግድግዳ ጋር ሊፎካከር ይችላል።

መዶሻው ሲመታ የሚጠራው ዋጋም የሚከፈለው ዋጋ አይደለም። የገዢ ኮሚሽን ይጨመርበታል። ቅድም የጠቀስናትን የ2018ቱን ጂቲኦ እንውሰድ። መዶሻው የተመታው በ44 ሚሊዮን ዶላር ነው። በመጀመሪያው 250,000 ዶላር ላይ 12 በመቶ ይታሰባል፤ 30,000 ዶላር። በቀሪው 43,750,000 ላይ 10 በመቶ፤ 4,375,000 ዶላር። ድምሩ ዜናው የዘገበው 48,405,000 ዶላር ይሆናል። ሻጩም በስምምነቱ መሠረት የራሱን ኮሚሽን ይከፍላል፤ እንዲህ ላለ መኪና ግን ድርጅቶቹ ባለቤቱን ለመማረክ ሲሉ ብዙ ጊዜ ይተዉለታል። የጨረታ ዋጋዎችን የሚያነጻጽር ሰው አንዱ ዜና ከኮሚሽን በፊት ያለውን፣ ሌላው በኋላ ያለውን ሊጽፍ እንደሚችል ማስታወስ አለበት።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ግለት ምን ያህል በአጫራቹ አፍ ላይ እንደሚንጠለጠል በ2019 ሞንቴሬይ ላይ ታይቷል። የቀረበችው በ1939 ከበርሊን ሮም ለታቀደ ውድድር የተሠራችው ፖርሼ ታይፕ 64 ነበረች። አጫራቹ ጨረታውን በ13 ሚሊዮን ዶላር ከፈተ፤ በእንግሊዝኛ ሲነገር ግን 13 እና 30 በጣም ስለሚመሳሰሉ ሰሌዳው ላይ 30 ሚሊዮን ተጻፈ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ጭማሪ እንዲሁ እየተሳሳተ ሰሌዳው 70 ሚሊዮን ላይ ደረሰ። ሕዝቡ ተነሥቶ እያጨበጨበ ሳለ አጫራቹ ትክክለኛው ዋጋ 17 ሚሊዮን መሆኑን ተናገረ፤ ሰሌዳውም ወዲያው ወረደ። ጭብጨባው ወደ ፉጨት ተለወጠ፤ መኪናዋም ሳትሸጥ ቀረች።

የዓለም ክብረ ወሰን የተመዘገበው በተቃራኒው ጭብጨባ በሌለበት ነው። በሜይ 2022 መርሴዲስ ቤንዝ ሽቱትጋርት ባለው ሙዚየሙ ውስጥ እሱ ራሱ ለመረጣቸው ጥቂት ተጋባዦች ብቻ 300 ኤስኤልአር ኡህለንሀውት ኩፔን አጫረተ። በ1955 ሁለት ብቻ ተሠርተዋል። በዚያው ዓመት ሌ ማን ላይ ከ80 በላይ ሰዎች ያለቁበት አደጋ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ከውድድር ስለወጣ ኩፔዎቹ ለታሰቡበት ውድድር ሳይደርሱ ቀሩ፤ መሐንዲሱ ሩዶልፍ ኡህለንሀውት አንዷን ወደ ሥራ ይመላለስባት ነበር። የተከፈለባት 135 ሚሊዮን ዩሮ ለወጣቶች የትምህርት ድጋፍ ፈንድ ዋለ፤ ገዢውም አንዳንዴ ለሕዝብ እንድትታይ ለመፍቀድ ተስማማ። እዚህ ላይ ገንዘብ ያለው ሁሉ መግባት አልቻለም፤ ሻጩ ገዢን መርጧል። ፋብሪካው አሳልፎ ያልሰጣት ስለነበረች ደግሞ «ነች ወይ?» የሚለው ጥያቄ አልተነሣም። ከዋጋው ውስጥ የዚህ ድርሻ ቀላል አይመስለኝም።

ካታሎግ ማንበብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ፋብሪካው በዚህ ቁጥር ሞተር አስወጥቷታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ዛሬ ያ ሞተር ውስጧ አለ አይልም። «እንደሚታመነው»፣ «ባለቤቱ እንደገለጹት» የሚሉ መግቢያዎች ድርጅቱ ኃላፊነቱን ከራሱ ላይ የሚያወርድባቸው ናቸው። «ከዘመኑ ጋር የሚስማማ ሞተር» ማለት የራሷ አይደለም ማለት ነው። የባለቤቶች ዝርዝር ከ1958 ወደ 1971 ከዘለለ መጠየቅ ያለበት ስለእነዚያ 13 ዓመታት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናዋ «ባለችበት ሁኔታ» እንደምትሸጥ ደንቡ ይናገራል፤ ስለዚህ የራሱን መርማሪና የሞዴሉን ታሪክ የሚያውቅ አጥኚ ሳይልክ የሚገዛ ሰው በድፍረት እንጂ በእውቀት አልገዛም።

ባለቤትነቱም ለብቻው መጣራት አለበት። በ1980ዎቹ ከአሜሪካ ኦሃዮ ተሰርቃ ቤልጅየም የገባች አንዲት ፌራሪ 375 ፕላስ በይገባኛል ክርክር ዓመታት ካሳለፈች በኋላ ተከራካሪዎቹ ተስማሙ ተብሎ በ2014 እንግሊዝ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠች። ሽያጩ ሙግቱን አልዘጋውም፤ እንደገና ፍርድ ቤት ተመለሱ።

ከግዢ በኋላ ስላለው ግብር በአጭሩ፦ እንደየአገሩ ነው። ብሪታንያ ውስጥ የግል መኪና ሲሸጥ የተገኘ ትርፍ ከካፒታል ትርፍ ግብር ነፃ ነው፤ አሜሪካ ደግሞ የሰብሳቢዎች ዕቃ ብላ ከአክሲዮን ከፍ ባለ መጠን፣ እስከ 28 በመቶ ታስከፍላለች። «ዋጋው ሁልጊዜ ይጨምራል» ለሚል ሰው ግን የ1990ን ውድቀት አስታውሰዋለሁ። በ1988 ኢንዞ ፌራሪ ሲያርፉ ቀድሞውኑ ሲንር የነበረው ዋጋ ይበልጥ ጋለ፤ መኪና ወዳጅ ያልሆኑ ሰዎች ሳይቀሩ በብድር ገዙ። ወለድ ሲያድግና ከጃፓን የሚመጣው ገንዘብ ሲቀንስ ገበያው ተንኮታኮተ፤ ለብዙ ሞዴሎች የቀድሞው ዋጋ እስኪመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ። አክሲዮን ደግሞ ቢያንስ ጎማ አይለወጥለትም።

መኪናዋ እንክብካቤ ትፈልጋለች፤ ሳትንቀሳቀስ ስትቀመጥ የዘይት መከላከያ ጎማዎቿ ይደርቃሉ፣ ቤንዚኑ ካርቡራተሯ ውስጥ ይረጋል። ስትነዳ ደግሞ ክፍሎቿ ያልቃሉ፤ የሚሰበር ነገር ይኖራል፤ የሚሰበረው ግን ለገበያ የማይገኝ ነው። ልምድ ያለው ባለቤት ታዲያ ሁለት ነገር ያደርጋል። የመጀመሪያውን ካርቡራተር ወይም ፒስተን አስወልቆ በአዲስ ቅጂ ያስነዳታል፤ የወለቀውን ግን አይጥልም፤ ስም ጽፎበት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። የመካኒኩን ደረሰኝ፣ ሥራው ሲሠራ የተነሣውን ፎቶግራፍ፣ የተለወጠበትን ምክንያትም ከቀድሞዎቹ ወረቀቶች ጋር ያስራቸዋል። መኪናዋ በተሸጠች ጊዜ ሣጥኑና ፋይሉ አብረው ይሄዳሉ፤ ቀጣዩ ገዢም ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት የሚጠይቀው እነሱን ነው።